የቤቱ ጤነኛ ደም

ክቡር ዶክተር ስቃሊ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣ ከበሩ አጠገብ የተቀመጥከው እንግዳችንም ጭምር፤

ይህን ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ለናና ሻዩ አመሰግናለሁ። በለውዝ ለተሞላው ኬክ አመሰግናለሁ። ለዚህ ማይክሮፎንም አመሰግናለሁ። ክሊኒካችን ማይክሮፎን እንዳለው ዛሬ ማወቄ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የታካሚ ቁጥር ስጣራ የት ነበር የተቀመጠው? ይሁን። ጡረታ የሚወጣ ሰው ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

ባልደረባችን ጊዝላን ቅድም፣ ለእመቤት በሚባለው የአክብሮት "ላላ" ጀምራ፣ በጆሮዬ "ላላ ርቂያ፣ አደራ እንዳያለቅሱ፤ እርስዎ ካለቀሱ እኔም አልችልም" ብላኛለች። ጊዝላን የስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ በዚህ ሰሞን ሰው ሲያዛጋ ብታይም ታለቅሳለች። አይዞሽ፣ አላለቅስም። ወረቀቴ ላይ "እዚህ ጋ አልቅሺ" የሚል አልጻፍኩም።

ዶክተር ስቃሊ ስለ እኔ ብዙ ጥሩ ነገር ተናገሩ። ከሁሉም በልቤ የያዝኩት አንዱን ነው። "በሃያ ሰባት ዓመት አንድ ቀን አመመኝ ብላ አታውቅም፤ ከሁላችንም ጤነኛዋ ርቂያ ናት" አሉ። እናንተም አጨበጨባችሁ። እኔም እንደ ወጉ አንገቴን ደፋሁ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያች ዓረፍተ ነገር ነው።

ሥራችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የጊዝላን ባል ዙሄር ግን የባንክ ሰው ስለሆነ፣ ለእሱ ስል ትንሽ ላስረዳ። ዙሄር፣ ልጄ፣ ኬኩን አስቀምጥና ስማኝ።

ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በየቀኑ ከዋጠ ቫይረሱ ይታሰራል። በምርመራ አይታይም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ሰውየው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል፣ እንደማንኛውም ሰው ጎረቤቱን ያማል። ይህ እውነት ነው፤ ዛሬ የምናገረውን ሰምቶ ይህን የሚጠራጠር ካለ ጆሮውን ነው የምይዘው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ቫይረሱ መታሰሩን ለሰውነት የነገረው የለም። ሌባው ተይዞ ከሄደ ከዓመት በኋላም "ሌባ! ሌባ!" እያለ የሚጮህ ጎረቤት አጋጥሞህ ያውቃል? የብዙ ሰው ሰውነት እንደዚያ ይሆናል። ሰውን ከበሽታ የሚከላከለው ኃይል እንደተቆጣ ይኖራል። ትኩሳት የለው፣ ቁስል የለው። ቀስ እያለ የደም ሥርን ይጎዳል፣ ልብን ያደክማል። የታሰረው ሳይሆን ጩኸቱ ነው የሚጎዳው። ገባህ? ጎበዝ። ኬክህን ብላ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ዶክተር ስቃሊ ከአንድ ጉባኤ ሲመለሱ ይህን ቁጣ የምንለካበት ምርመራ ይዘው መጡ። የምርመራው ጣጣ ቁጥሩ ብቻውን ምንም የማይናገር መሆኑ ነው። የታካሚው ደም ከጤነኛ ሰው ደም ጎን ይቀመጣል። ከጤነኛው እጥፍ ከሆነ ሰውነቱ ተቆጥቷልና ወደ ልብ ሐኪም ይላካል። ከእጥፍ በታች ከሆነ ካርዱ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ይደረግለትና ይሸኛል። ታዲያ ጤነኛ ደም ከየት ይምጣ? ከሠራተኛው።

እንደዚያ ተጀመረ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ቁርስ ሳንበላ፣ ስድስት ሰዎች ተሰልፈን ክንዳችንን እንሰጣለን። ከስድስታችን ደም ፈሳሹ ተለይቶ ይቀላቀላል፣ ፍሪጅ ይገባል። ስሙን "የቤቱ ደም" አልነው።

በመጀመሪያው ሰኞ ዶክተር ስቃሊ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ "እንግዲህ… ለደንቡ ያህል… ደም ሰጪዎቹን ራሳቸውን ለቫይረሱ ብንመረምር…" አሉ። አልጨረሱትም። ነፍሷን ይማርና ዋና ነርሳችን ሐጃ ምባርካ መርፌውን ትሪው ላይ አስቀመጠችና፣ "ዶክተር፣ እኛን ነው?" አለች። ዶክተር ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። በማግስቱ ሁለት ኪሎ ኬክ ይዘው መጥተው ይቅርታ ጠየቁ። ኬኩን በላን። ምርመራው ቀረ።

ሐጃ ምባርካ ያን ስትል የቆመችው "መመርመር ነውር አይደለም" ከሚለው ፖስተር ሥር ነበር። ፖስተሩን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ከአጠገቧ ቆሜ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ፤ እኛን ነው?

ከዚያ ደም ሰጪዎቹ እያነስን ሄድን። ሐጃ ምባርካ ስኳር ተገኘባትና ቀረች። ሹፌራችን መርፌ ሲያይ ይወድቃል፤ ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ በሦስተኛው ግንባሩ ስለተሰፋ ቀረ። አንዷ አረገዘች። አንዱ ወደ ማርሴይ ሄደ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ደግሞ "ሰኞን ያለ ቁርስ አልችለውም" አለና ቀረ፤ ቢያንስ እውነቱን ተናግሯል። በአራተኛው ዓመት እኔ ብቻ ቀረሁ። ላለፉት ሰባት ዓመታት የቤቱ ደም ማለት የእኔ ደም ማለት ነው። ዶክተር ስቃሊ ለዚህ ሸልመውኛል። "ለጤነኛዋ ሠራተኛችን" ተብሎ የተጻፈበት ፔርሙዝ ነው። ግሩም ፔርሙዝ ነው፤ ጠዋት የሞላሁት ሻይ ማታ ድረስ ይፋጃል። ምንም አልወጣለትም።

ባልደረቦቼ፣ ከኤች አይ ቪ ጋር መኖር ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ማይክሮፎኑ ደህና ነው። የሰማችሁት ትክክል ነው።

አንዳንዶቻችሁ አሁን በልባችሁ "ከማን ይሆን?" እያላችሁ ነው። ይህ ጥያቄ እዚህ ቤት አይጠየቅም። በሩ ላይ ተለጥፏል። የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ስትወጡ አንብቡት።

መድኃኒቴን የምወስደው ከማራኬሽ ነው፤ በየሦስት ወሩ፣ በባቡር። እናንተ "ላላ ርቂያ እህቷን ልትጠይቅ ሄደች" ትላላችሁ። እህት የለኝም። ላላ በቱልን የፈጠርኳት ለአንድ ቅዳሜ ፈቃድ ብዬ ነበር፤ ያሳደጋችኋት እናንተ ናችሁ። "ጉልበቷን ተሻላት?" ትሉኛላችሁ። ጉልበቷን ሊያማት ግድ ሆነ። "ያ ሰነፍ ባሏ ሥራ ያዘ?" ትሉኛላችሁ። ባል እንዳላት እንኳ ያወቅኩት ከእናንተ ነው። አንድ ጊዜ የባቡሩ ሰዓት አስጨንቆኝ ዝም ብዬ ብቀመጥ፣ "ምነው፣ በቱል አረገዘች እንዴ?" አላችሁኝ። ምን ልበል? አረገዘች። ለልጇ ነጭ የሱፍ ብርድ ልብስ ገዝታችሁ ሰጣችሁኝ። ባቡር ውስጥ ብርድ ልብሱን አቅፌ እስከ ማራኬሽ ድረስ አለቀስኩ። ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ "አይዞሽ፣ ሌላ ይሰጥሻል" አሉኝ። ክፉ ብትሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ደግነታችሁ ነው አፌን የዘጋው።

ታዲያ ደሜን ለምን ሰጠሁ? አንደኛ፣ ፈርቼ ነው። እምቢ ብል "ለምን?" ትሉኝ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከፍርሃት ይብሳል፤ አምኛችሁ ነው። "ቫይረሱ ካልታየ እንደማንም ሰው ነሽ" ብለን በቀን አርባ ጊዜ እንናገራለን አይደል? እኔ አመንኩ። ሰኞ ሰኞ ክንዴን ስዘረጋ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ማኅተም ተደርጎልኝ፣ ጤነኛ ነበርኩ። ይህን ደስታዬን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አሁን ወደ እንግዳችን ልምጣ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ቡዓዛ ይባላል፤ በአክብሮት ሲ ቡዓዛ እንለዋለን። እዚህ ቤት ታካሚን በስሙ መጥራት ክልክል ነው፤ አስፈቅጄዋለሁ። "ጥሪኝ፣ ካዛብላንካ ውስጥ እኔን የማያውቅ የትራፊክ ፖሊስ የለም" ብሎኛል። ታክሲ ነጂ ነበር።

ወደዚህ ክሊኒክ የሚያወጣው ደረጃ አርባ አንድ መርገጫ አለው። ሲ ቡዓዛ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ እየቆመ ይተነፍስ ነበር። አንድ ቀን እዚያው አገኘሁት።

"ላላ ርቂያ፣ ቫይረሱ ተኝቷል ትሉኛላችሁ። ታዲያ እኔን ማነው እንዲህ የሚያደክመኝ?"

"ቁጥርህ ደህና ነው፣ ሲ ቡዓዛ። አረንጓዴ ነው። ደምህ ልክ እንደ እኔ ደም ነው።"

"አንቺም ደረጃው ላይ ትቆሚያለሽ እንዴ?"

"ቀልደኛ ነህ" አልኩት፣ ሄድኩ።

እቆም ነበር። እዚያው ቦታ ላይ። ሰው ሲመጣ ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ እል ነበር። ባለፉት አምስት ዓመታት ክር ያለው ጫማ እንዳላደረግኩ ማንም ልብ አላለም።

በጥር ወር አዲሱ ማሽን መጣ። ማሽኑ የራሱን ጤነኛ ናሙና ከፋብሪካው ይዞ ነው የመጣው። ከዚያ አጠገብ የቤቱን ደም አስገባን። የቤቱ ደም እጥፍ ሊሆን ትንሽ ብቻ ቀረው። ጊዝላን ማሽኑን በጥፊ መታችውና "ውሸታም!" አለችው። ቴክኒሻኑ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መጣ። በሦስተኛው ቀን ፈርዶበት፣ "ማሽኑ ደህና ነው፤ የዚህን ደም ባለቤት ብትመረምሩት ይሻላል" አለ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። "ባለቤቷ እቻት! ከሁላችን ጤነኛዋ እሷ ናት!" ብላችሁ ወደ እኔ ጠቆማችሁ። ሰውየው እኔን አየ። እኔ መስኮቱን አየሁ። "እንግዲያውስ ማሽኑ ይሆናል" አለና መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ። እሱም ጨዋ ሰው ነው። ማሽኑን ጨርቅ አልብሰን ወደ ጥንቱ አሠራር ተመለስን።

ያኔ ገባኝ። ጤነኛ ተብሎ የተቀመጠው ደም ራሱ የተቆጣ ደም ነበር። በእኔ ደም ሲለካ "እጥፍ" ለመባል አንድ ሰው ከእውነተኛ ጤነኛ አራት እጥፍ ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው መቆጣት ነበረበት። ሦስት እጥፍ የሆነውን ሁሉ አረንጓዴ ነጥብ እያደረግን ሸኝተነዋል።

ገብቶኝ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ጡረታዬ ሁለት ወር ቀርቶታል፣ ማን ያውቃል፣ ሳይታወቅ ያልፋል አልኩ። ይህን ለእናንተ መናገር ከበሽታው ይልቅ ያሳፍረኛል፤ በሽታው አያሳፍርም። ዝምታዬ ግን ያሳፍራል።

በአራተኛው ሳምንት ሲ ቡዓዛ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ ልቡ ተያዘ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እሱ አልተነቃነቀም። ከኋላው ያሉት ጥሩንባ ነፉ፣ ሰደቡት። አንድ የዓሣ መኪና ሹፌር ሊደባደብ ወርዶ መጥቶ፣ ሲያየው ተሸክሞ ሆስፒታል ወሰደው። ደም ሥሩ ተከፍቶለት ተረፈ። ለዚያ ሹፌር ዕድሜ ይስጠው፤ ጠብ ፈልጎ ባይወርድ ኖሮ ዛሬ ይህ ወንበር ባዶ ነበር።

ቤቱ ሄጄ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሚስቱ ሻይ ቀድታ ከአጠገቡ ተቀመጠች።

"እንግዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ደሜን ስታስተያዩ የኖራችሁት ከታመመ ደም ጋር ነው?" አለኝ።

"ከእኔ ደም ጋር ነው፣ ሲ ቡዓዛ።"

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ጥሩ ነበር። በመጨረሻ ምን አለኝ መሰላችሁ? "ደረጃው ላይ ለምን አልነገርሽኝም? አብረን እንቀመጥ ነበር።"

ይኸው፣ አላለቅስም ያልኩት እኔ ነኝ። ጊዝላን፣ አንቺ ዝም በይ። ውኃ አቀብሉኝ።

አመሰግናለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በምሳ ሰዓት የማሽኑን ጨርቅ እየገፈፍኩ ሠራሁ። ከደም ባንክ የተመረመረ ጤነኛ ደም አመጣሁ፤ በፍሪጃችን የተቀመጠውን የታካሚዎቻችንን ናሙና ሁሉ እንደ አዲስ ለካሁ። ትናንት ጨረስኩ። ዶክተር ስቃሊ፣ ከፊትዎ ያለው ፔርሙዝ የእኔው ነው። ክዳኑን ይክፈቱት። አይፍሩ፣ ሻይ የለበትም። የሠላሳ አንድ ሰው ዝርዝር ነው። ሠላሳ አንድ ሰው አረንጓዴ ነጥብ ይዞ፣ ልቡ እየደከመ፣ "ደህና ነህ ተብያለሁ" እያለ በዚህ ከተማ ይዞራል።

ለምን ብቻዬን ቢሮዎ ገብቼ አልነገርኩዎትም? ስለማውቅዎት ነው። ፊትዎ ይቀላ ነበር፤ ለእኔ ክብር ብለው ነገሩን በጨዋ ደንብ ይሸፍኑት ነበር፤ በማግስቱ ኬክ ይመጣ ነበር። ዶክተር፣ በዚህ ቤት በኬክ የተሸፈነው ይበቃል። ዛሬም ይኸው በልተናል።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው ስጦታ ይህ ነው። ሰኞ ጠዋት ሠላሳ አንዱንም ጥሩልኝ። የልብ ሐኪም ይያቸው። ግፊታቸው ይለካ፤ ሲጋራ የሚያጨሱት ይገሠጹ፤ የኮሌስትሮል ኪኒን የሚያስፈልገው ይታዘዝለት። የቫይረሱን መድኃኒት ደግሞ አንድም ቀን እንዳያቋርጡ ንገሯቸው፤ ማቋረጥ ቁጣውን ያባብሰዋል። "የእኛ ስህተት ነው" በሏቸው። "የላላ ርቂያ ስህተት ነው" ብትሉም አልከፋም። ደግሞም ከእንግዲህ ደም የሚሰጥ ሠራተኛ ሁሉ ይመርመር። "እኛን ነው?" የሚል ከተነሣ "አዎ፣ እኛን ነው" በሉት።

ሠላሳ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ፋይሌን ከማራኬሽ አዛውሬ እዚህ ከፍቻለሁ። ላላ በቱል በዚህ ሳምንት አርፋለች። ሥቃይ አልነበረባትም። አደራችሁን፣ ለለቅሶ እንዳትመጡ። ብርድ ልብሱ ግን ከነመጠቅለያው አለ፤ ብል እንዳይበላው በየዓመቱ ፀሐይ ሳሞቀው ነው የኖርኩት። ጊዝላን፣ ያውልሽ፣ ከወንበርሽ ሥር ነው። እኔ ያቀፍኩት ነው ብለሽ ቅር ካለሽ አልቀየምሽም።

አቅፈሽዋል። እሺ። ይበቃል፣ ልጄ፣ ይበቃል፤ ዙሄር፣ መሐረብ ስጣት።

ልመርቃችሁና ልቀመጥ። እጃችሁ የነካው ሁሉ ይዳን። ልባችሁ በሰባ ዓመታችሁም ደረጃ ይውጣ። የምትወልደዋን አላህ በሰላም ያገላግላት። የምትደብቁት ነገር ያላችሁ፣ እንደ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይፍጅባችሁ። ሐጃ ምባርካን አፈሩ ይቅለላት፤ ብታየኝ ኖሮ መጀመሪያ ትቆጣኝ፣ ቀጥሎ ታቅፈኝ ነበር። ሲ ቡዓዛን አላህ ያቆይልን።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። እዚህ ቤት ታካሚ በቁጥር እንጂ በስሙ አይጠራም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥሩ ደንብ ነው፣ ለሚፈልገው ሁሉ ይቀጥል። የእኔ ቁጥር አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስት ነው። እርሱት። ሰኞ ተራዬ ሲደርስ፣ ማይክሮፎን አላችሁ፣ "ርቂያ" ብላችሁ ጥሩኝ። ድምፃችሁን አትቀንሱ። አንድ ጊዜ ጠርታችሁ ካልመጣሁ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ከሲ ቡዓዛ ጋር ተቀምጫለሁ ማለት ነው። ደግማችሁ ጥሩኝ፤ እመጣለሁ።